ወንበሩን የያዘው እጅ

በዚህ እትም የምናካፍላችሁ ታሪክ አብዛኞቻችሁ ስሙን እንኳ ሰምታችሁት ከማታውቁት ስፖርት የተገኘ ነው። ሜዳው በረዶ ነው። መጫወቻው ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ነው። ተጫዋቾቹ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ስፖርቱ የዊልቸር ከርሊንግ ይባላል። የታሪኩ ባለቤት ደግሞ ካናዳዊቷ ሶንያ ጎዴ ናት፤ በሦስት ተከታታይ የክረምት ፓራሊምፒክ ውድድሮች ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች ተጫዋች።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ይህ የእምነት ምስክርነት አይደለም፤ የአንዲት ስፖርተኛ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የእግዚአብሔር ቃል ከጉንዳን እንኳ እንድንማር የሚልከን ከሆነ፣ ከሰው ልጅ ድካምና ብርታትማ እንዴት አንማርም? ታሪኩን ስታነቡ ዓይናችሁን ሜዳሊያው ላይ ብቻ አትትከሉ። ሶንያ ድንጋዩን ስትለቅ ከወንበሯ በስተኋላ ማን እንዳለም ተመልከቱ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋይና በረዶ

ከርሊንግ የተወለደው በስኮትላንድ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ክረምት ገብቶ ሐይቆቻቸው በረዶ ሲሆኑ ድንጋይ እያንሸራተቱ ይጫወቱ ነበር። 1511 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የጨዋታው ድንጋይ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በ1541 ደግሞ በፔዝሊ ገዳም የነበረ ጆን ስክሌተር የሚባል መነኩሴ ከሌላ ሰው ጋር በበረዶ ላይ ድንጋይ በማንሸራተት ሊወዳደር እንደተነሣ አንድ የውል ጸሐፊ መዝግቦ አስቀርቷል። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች የምናያቸው ድንጋዮች ከስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ወጣ ብላ ከምትገኝ አይልሳ ክሬግ ከምትባል ትንሽ ደሴት በመጣ ግራናይት የተሠሩ ናቸው።

በልጅነታችሁ ብይ ከተጫወታችሁ የጨዋታው ሐሳብ ቶሎ ይገባችኋል። በብይ ጨዋታ የራስን ብይ ወደ ተፈለገው ቦታ ማስጠጋት አለ፤ የሌላውን ብይ መትቶ ማባረርም አለ። በከርሊንግም እንዲሁ ነው። በበረዶው ሜዳ ጫፍ ላይ ስፋቱ 3.66 ሜትር የሆነ ክብ ተሥሏል፤ ተጫዋቾቹ ይህን ክብ “ቤት” ይሉታል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ዙር ስምንት ድንጋይ ይለቃል። ዙሩ ሲያልቅ ነጥብ የሚያገኘው ድንጋዩን ከቤቱ መካከል አቅርቦ ያስቀመጠው ቡድን ብቻ ነው። ከተጋጣሚው ቅርብ ድንጋይ ይልቅ ወደ መካከል የቀረቡት ድንጋዮቹ ተቆጥረው እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ይሆናሉ። በዊልቸር ከርሊንግ አንድ ግጥሚያ ስምንት ዙር አለው።

ድንጋዩ ሲለቀቅ በጥቂቱ እንዲሽከረከር ይደረጋል። በዚህ ምክንያት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ መጨረሻው ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲመጣ ወደ አንድ ወገን ይጠመዘዛል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚያነጣጥረው ድንጋዩ እንዲያርፍ በሚፈልግበት ቦታ ላይ አይደለም። ጠመዝማዛውን አስቀድሞ አስልቶ ወደ ሌላ ነጥብ ይልከዋል። አቅጣጫውን የሚያሳየው ከሜዳው ማዶ ሆኖ የሚጠብቀው የቡድኑ መሪ ነው፤ እርሱም “ስኪፕ” ይባላል።

በእግራቸው ቆመው የሚጫወቱት ሰዎች አንድ የእርምት ዕድል አላቸው። ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላ ሁለት ጓደኞች መጥረጊያ ይዘው ከፊት ከፊቱ በረዶውን እያሹ ይሄዳሉ። እሽታው የበረዶውን ገጽ በትንሹ ስለሚያሞቀው ድንጋዩ ይበልጥ ይርቃል፤ መጠምዘዙም ይቀንሳል። ጉልበት ያነሰው ድንጋይ በመጥረጊያው ይታገዛል ማለት ነው።

በዊልቸር ከርሊንግ ግን መጥረግ የለም። ድንጋዩ ከእጅ ከወጣ ወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በዓይን ከመከተል በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ሌላም ሕግ አለ፤ ተጫዋቹ ድንጋዩን ሲለቅ ወንበሩ መቆም አለበት፤ እግሮቹም በረዶውን መንካት የለባቸውም። ጎንበስ ብሎ በእጁ ሊለቀው ይችላል። ብዙዎቹ ግን ጫፉ በድንጋዩ እጀታ ላይ በሚገጠም ረጅም ዘንግ ይገፉታል። ቆሞ የሚጫወተው ሰው የሚንደረደርበት እግር አለው፤ የተቀመጠው ተጫዋች ግን ጉልበቱን ሁሉ የሚያመጣው ከክንዱ፣ ከትከሻውና ከደረቱ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከሥራችሁ ያለው በረዶ ነው፤ ያንሸራትታል። ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ወደ ፊት ስትገፉ ወንበራችሁ ወደ ኋላ ይሸሻል ወይም ይዞራል። አንድ ጣት ያህል ብትዞሩ ከሃያ ሜትር በላይ የሚጓዘው ድንጋይ ከታሰበለት ቦታ በብዙ ይስታል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከቡድኑ አንዱ ወንበሩን እየገፋ ይመጣና ከወርዋሪው በስተኋላ ይቆማል። ጎንበስ ብሎም የወንበሩን መንኮራኩሮች በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል። ወርዋሪው ድንጋዩን እስኪለቅ ድረስ አይንቀሳቀስም።

ይህን የሚያደርገው ሰው ራሱም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ነው። ቆሞ መሄድ የሚችል ረዳት ከውጭ አይመጣም። ተራው ሲደርስ የያዘው ይያዛል፤ የተያዘው ይይዛል።

ከሆስፒታል ግቢ የተነሣ ጉዞ

ሶንያ ወደ በረዶው ሜዳ ከመድረሷ በፊት መንገዱን የጠረጉላት ሰዎች ነበሩ። ታሪኩ ከእኛው አገር ጋርም ስለሚገናኝ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በጀርመን የነርቭ ሐኪም ነበሩ። አይሁዳዊ በመሆናቸው ከናዚዎች ሸሽተው በ1939 ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ጀርባቸውን የተመቱ ወታደሮች የሚታከሙበትን ክፍል ከፈቱ። በዚያ ዘመን ኅብለ ሠረሠሩ የተጎዳ ሰው ብዙ እንደማይኖር ይታመን ነበር። ከመተኛት ብዛት በሚወጣ ቁስልና በኩላሊት ሕመም ይሞታል ተብሎ ተስፋ ይቆረጥበት ነበር። ዶክተሩ ይህን አልተቀበሉም። ሕሙማኑን ከአልጋ አስነሡ፤ ሥራ ሰጧቸው፤ ስፖርት አስጀመሯቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ 16 የአካል ጉዳት ያለባቸው የቀድሞ ወታደሮች በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ። የፓራሊምፒክ ዘር የተዘራው በዚያ ቀን ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ በሮም ከተማ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ የተከፈተውን ሌላ ውድድር ነው። ከ23 አገሮች የመጡ ወደ 400 የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ተገናኙ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው።

በዓለም ፈጣን እግሮች የነበሩት አበበ በ1969 በመኪና አደጋ ተጎዳና እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ለሕክምና የተላከው ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንደቪል ነበር። በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት አነሣ፤ በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል ውድድር ተሳተፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ጋሪ ተወዳደረ። ከሞቃት አገር የሄደ፣ መራመድ ያልቻለ ሰው፣ በበረዶ ላይ! አበበ በ1973 ቢያርፍም የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፈው በተስፋ መቁረጥ አልነበረም። አበበን የምናስታውሰው በሮም ብቻ ከሆነ ታሪኩን በግማሽ ነው የምናውቀው።

የክረምት ፓራሊምፒክ በ1976 በስዊድን ተጀመረ። ከርሊንግ ግን ገና አልገባበትም ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚጫወቱት ከርሊንግ በአውሮፓ መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2002 በስዊዘርላንድ ሱርዜ ከተማ ተደረገ። በዚያው ዓመት ስፖርቱ ወደ ፓራሊምፒክ እንዲገባ ተፈቀደ። ሲፈቀድም አንድ ሕግ ተቀምጦ ነበር፦ ቡድኑ ወንዶችንም ሴቶችንም የያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ በሜዳው ላይ ካሉት አራቱ ሁሉም ወንድ ወይም ሁሉም ሴት ሊሆኑ አይችሉም።

ሶንያ

ሶንያ ጎዴ ሐምሌ 22 ቀን 1966 በምዕራብ ካናዳ በኖርዝ ቫንኩቨር ተወለደች። በ1997 ፈረስ ስትጋልብ በደረሰባት አደጋ ኅብለ ሠረሠሯ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ጀመረች። ባለትዳርና እናት ነበረች። የሠላሳ ዓመት ሰው ማለት ኑሮውን አቃንቶ፣ ሥራውንና ቤቱን አደላድሎ “ከእንግዲህ መንገዴን አውቄዋለሁ” የሚልበት ዕድሜ ነው። ለእርሷ ግን በር መክፈትን፣ መኪና ውስጥ መግባትን፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ማውረድን ሁሉ እንደ ሕፃን እንደ አዲስ መማር ግድ ሆነ።

ልብ በሉ፤ በዚያን ዓመት የዊልቸር ከርሊንግ የሚባል የፓራሊምፒክ ስፖርት በዓለም ላይ አልነበረም። ሶንያ በአልጋ ላይ ሳለች ወደፊት የምታሸንፍበት ውድድር ገና አልተፈጠረም ነበር። ብዙ ጊዜ ወጣቶች ስትጨነቁ “ዓላማዬ አይታየኝም፤ የሚከፈት በር የለም” ትላላችሁ። በሩ አለመታየቱ በሩ የለም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ግንበኛው ገና ግድግዳውን እያቆመ ነው።

አዲሱ ስፖርት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ካናዳ ሲደርስ ሶንያ በምትኖርበት በቨርነን ከተማ መጫወት ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ቡድኑ ተመረጠች። የተሰጣት ቦታ የመጀመሪያ ወርዋሪነት ነው፤ በእንግሊዝኛው ስሙ “ሊድ” ይባላል።

ይህን ቦታ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ዙር አራቱ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ድንጋይ ይለቃሉ። መጀመሪያ የሚለቀው ሊዱ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ድንጋዮች የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ስኪፑ ነው። ተመልካቹ እስትንፋሱን ይዞ የሚጠብቀው፣ ጋዜጠኛው የሚጽፈው፣ ካሜራው የሚያሳየው የመጨረሻውን ድንጋይ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲለቀቅ አዳራሹ ገና ወንበሩን እየያዘ ነው። ሆኖም የዙሩ መልክ የሚወሰነው በእነዚያ የመጀመሪያ ድንጋዮች ነው። ሊዱ ከቤቱ ፊት ለፊት እንደ አጥር የሚቆም ድንጋይ ያስቀምጣል፤ በኋላ የሚመጡት ጓደኞቹ ድንጋያቸውን ከዚያ አጥር ጀርባ ይደብቃሉ። አጥሩ በግማሽ ሜትር ከተሳሳተ ስኪፑ በመጨረሻ የሚሠራው ያጣል። ሶንያ በአንድ ሙሉ ግጥሚያ የምትለቀው 16 ድንጋይ ነበር፤ አሥራ ስድስቱም ጭብጨባ ከመጀመሩ በፊት የሚለቀቁ ናቸው።

ሦስት ወርቆች

በመጋቢት 2006 የጣሊያኗ ቶሪኖ የክረምት ፓራሊምፒክን አስተናገደች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚያው በቶሪኖ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ነበር። የዊልቸር ከርሊንግም በፓራሊምፒክ ሲታይ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ስምንት ቡድኖች ቀረቡ። የካናዳ ቡድን ስኪፕ ክሪስ ዳው ነበር፤ ሊዷ ደግሞ ሶንያ። በፍጻሜው ካናዳ ታላቋ ብሪታንያን 7 ለ 4 አሸነፈች። ጨዋታው የተወለደባት የስኮትላንድ ልጆች የተሰለፉበትን ቡድን ማሸነፍ ቀላል አልነበረም።

በ2010 ውድድሩ ወደ ቫንኩቨር መጣ፤ ሶንያ ከተወለደችበት ከተማ በባሕር ወሽመጥ ብቻ ወደሚለይ ስፍራ ማለት ነው። ቡድኑ ተለውጧል። አዲሱ ስኪፕ ጂም አርምስትሮንግ የጥርስ ሐኪም የነበረና ቆመው በሚጫወቱት ዘንድ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ተጫዋች ነው፤ ከመኪና አደጋ በኋላ ነበር ወደ ዊልቸር ከርሊንግ የመጣው። አብራው የተሰለፈችው አይና ፎረስት በ21 ዓመቷ ሰክሮ የሚነዳ ሰው በመኪና ጎድቷት በወንበር የቀረች ሴት ናት። ዳሪል ኔይበርም ነበረበት። በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን ገጠሙ፤ ውጤቱም 8 ለ 7 ሆነ። በአንድ ነጥብ ብቻ! ለድሉ ምክንያት የሆነው የትኛው ድንጋይ ነው ብትሉ መመለስ አይቻልም። በስምንት ዙር ከለቀቋቸው 64 ድንጋዮች አንዱ በሌላ ቦታ ቢያርፍ ኖሮ ወርቁ ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር።

በ2014 በሩሲያዋ ሶቺ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የካናዳን ባንዲራ ይዛ ከቡድኗ ፊት የገባችው ሶንያ ነበረች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትለቀው፣ ብዙም የማትታየው ሊድ የአገሯን ሰንደቅ በዓለም ፊት ያዘች። በከርሊንጉ ፍጻሜ ካናዳ አስተናጋጇን ሩሲያን 8 ለ 3 አሸነፈች። በእነዚህ ዓመታት መካከል በ2009 በቫንኩቨር፣ በ2011 በፕራግ፣ በ2013 በሶቺ የተደረጉትን የዓለም ሻምፒዮናዎችም አሸንፈዋል።

እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። ስፖርቱ በፓራሊምፒክ በታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች ወርቁን የወሰደችው ካናዳ ናት። በሦስቱም ቡድኖች ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሶንያ ጎዴ። ስኪፑ ተለውጧል፤ ሦስተኛውና ሁለተኛው ተጫዋች ተለውጠዋል፤ ተጠባባቂውም ተለውጧል። ሊዷ ግን አልተለወጠችም። በ2013 የካናዳ ከርሊንግ የክብር አዳራሽ ስሟን ሲያስገባ ከዊልቸር ከርሊንግ ተጫዋቾች የመጀመሪያዋ ሆነች።

የሙሴ እጆች

ወጣቶች ሆይ፣ አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ።

በዘጸአት 17 ላይ ያለውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ኢያሱ በራፊዲም ከአማሌቅ ጋር ይዋጋል፤ ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ እጁን አንሥቷል። እጁ ሲነሣ እስራኤል ያሸንፋል፤ ሲወርድ አማሌቅ ይበረታል። የሙሴ እጆች ግን ደከሙ። የእግዚአብሔር ሰው፣ ባሕር የከፈለው በትር ባለቤት፣ ደከመው። ያን ጊዜ አሮንና ሆር “አንተ ትልቅ መሪ ነህ፤ በርታ” ብለው አልገሠጹትም። ድንጋይ አመጡለትና ተቀመጠ፤ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ ሆነው እጆቹን ደገፉ። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ጸኑ። በዚያ ቀን ድሉ የማን ነበር? የኢያሱ ሰይፍ ነው? የሙሴ እጅ ነው? ወይስ የያዙት እጆች? ጌታ ሁሉንም በአንድ ድል አስሮ ሰጣቸው።

በበረዶው ላይ ከወንበሩ ኋላ ያለው እጅ ይህን ያስታውሰናል። በኅብረታችን ውስጥ ሁላችንም የመጨረሻውን ድንጋይ መልቀቅ እንፈልጋለን። ማይክ መያዝ፣ መዝሙር መምራት፣ በመድረክ ላይ መታየት እንወዳለን። ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚደረድረው፣ አዲስ የመጣውን በር ላይ የሚቀበለው፣ ከጉባኤ የቀረውን ደውሎ የሚጠይቀው ግን ሊድ ነው፤ ድንጋዩን የሚለቀው ጭብጨባው ሳይጀመር ነው። ይህን አገልግሎት የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቦታችሁን አትናቁ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያርፈው እናንተ ባስቀመጣችሁት ላይ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ደግሞ አለ። በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ አካል ጉዳት ያለበት ስንት ወጣት አለ? ካለስ ምን ያገለግላል? ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ወንድም ወይም እኅት ሲመጣ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጅ ጭነን ለፈውስ መጸለይ። መጸለያችን መልካም ነው፤ ጌታችን ፈዋሽ እንደሆነ እናምናለን። ነገር ግን ጸልየን ካልተነሣ ምን እናደርጋለን? አንዳንዶች “እምነት ስለጎደለው ነው” ይላሉ፤ ሰውየውም ከጉዳቱ በላይ የሚያቆስል ሸክም ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ ያዝኑለታል፤ ሳንቲም ይሰጡታል፤ በሩ አጠገብ ያስቀምጡታል። እንዲያገለግል ግን አይጠሩትም።

ንጉሥ ዳዊት እንዲህ አላደረገም። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሮቹ የማይሄዱ ሰው ነበር። ዳዊት ከሎዶባር አስመጣውና ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ ከማዕዱ እንዲበላ አደረገ። በሁለተኛ ሳሙኤል 9 መጨረሻ ላይ ሜምፊቦስቴ በንጉሡ ማዕድ ዘወትር እንደሚበላ ተጽፏል፤ እግሮቹም ያው እንደነበሩ። ዳዊት “መጀመሪያ ተፈወስ፣ ከዚያ ትቀርባለህ” አላለውም። ማዕዱ ፈውስን አልጠበቀም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አካል ብልቶች ሲጽፍ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች የግድ እንደሚያስፈልጉ አስተምሯል። “እንርዳቸው” የሚለው አሳብ ትክክል ቢሆንም ገና ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እኛ እነርሱን እንደምንፈልጋቸው ማመን ነው።

ዶክተር ጉትማን ያደረጉትን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አስቡ። ሌሎች ሕሙማኑን ለሞት ሲያስተኙ እርሳቸው ቀስት ሰጧቸው። እግራቸውን ሊመልሱላቸው አልቻሉም፤ ቦታቸውን ግን መለሱላቸው። ሶንያም በተራዋ ውድድር ካቆመች በኋላ ሕንጻዎችና መናፈሻዎች በወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የሚመቹ እንዲሆኑ በመሥራት ቀጥላለች። ሜዳሊያ ያገኘው እጅ መወጣጫ ወደሚሠራበት ሥራ ሄደ። በበረዶው ላይ ወንበሯን የያዙላት ነበሩ፤ እርሷም የሌላውን ወንበር ያዘች።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጸሎት ቤት ስትመጡ ደረጃውን ቁጠሩ። ከመንገዱ እስከ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ እስከ መድረኩ፣ እስከ መጸዳጃውም ድረስ ቁጠሩ። አንድ ወጣት በተሽከርካሪ ወንበር ቢመጣ የት ላይ ይቆማል? ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ለኅብረታችሁ መሪዎች አቅርቡ። መወጣጫ ለመሥራት የሚያስፈልገው እንጨትና ሲሚንቶ፣ የሁለት ቅዳሜ ጉልበትም ነው፤ እርሱን ደግሞ ወጣቶች አላችሁ።

ከዚያ በኋላ በሠፈራችሁ ከቤት የማይወጣውን አንድ ሰው ፈልጉ። ሂዱና ጠይቁት። ስትሄዱ ግን “ልንረዳህ መጣን” ብላችሁ አትጀምሩ። ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚወድ ጠይቁት። ድምፁ ለዝማሬ፣ ብዕሩ ለዚህ መጽሔት፣ ትዕግሥቱ ለሕፃናት ትምህርት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን ስጡት። እናንተም ከኋላው ሆናችሁ መንኮራኩሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ተራችሁ ደርሶ እናንተ ስትደክሙ ደግሞ የእናንተን የሚይዝ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ጌታ ይባርካችሁ።